የወገብ ሕመምተኛና የሩጫ ጫማ

በአሜሪካ፣ በዴንቨርና በአውሮራ ከተሞች መካከል የተዘረጋው ሎውሪ፣ እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ድረስ የአየር ኃይል ሠፈር የነበረ፣ ዛሬ ግን ቤትና መናፈሻ ሆኖ ማለዳ ማለዳ ሯጮች የሚመላለሱበት ስፍራ ነው።

ወገቡን ጽኑ ደዌ የያዘው ሰው በዚያ ስፍራ ለመሮጥ ቢያስብ፣ ሻጩ አስቀድሞ የውስጥ እግሩን ጉብጠት መርምሮ ጫማ ይመድብለታል፤ ዳሩ ግን ያው የአሜሪካ አየር ኃይል ምልምሎቹን በዚህ ሥርዓት አጫምቶ ያደረገው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራ፣ ጉዳታቸው ይህን ያህል እንዳልቀነሰ ስለ መሰከረ፣ ምደባውን እንደ ቀኖና መቀበል አይገባም።

ከዚህ ይልቅ የገዛ አካልን ምስክርነት መስማት ይሻላል፦ እግር የቀን ሥራ ካሳበጠው በኋላ፣ ወደ ማታ፣ የሚሮጡበትን ካልሲ አድርጎ መለካት፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት መተው፣ በሱቁም ውስጥ ጥቂት ሮጦ ወገብ እንዴት እንደ ተቀበለው ማስተዋል ነው። እጅግ የለሰለሰው ሶል (ዋጋውም እጅግ የከበደው) ለሁሉ ወገብ አይስማማም፤ አበበ ቢቂላም የኦሎምፒክ ማራቶንን በ1960 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ በጫማ አሸንፏል።

ሕመሙ ወደ ባት ወርዶ እግርን የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ከጫማው ግዢ አስቀድሞ በሐኪም መታየት ያስፈልጋል።