ጽዋው ማን ቤት ነው?

ወር በገባ በ21ኛው ቀን በደቡብ ጎንደር ከስማዳዋ ወገዳ ከተማ ወጣ ብላችሁ አንድ ገበሬ ቤት ደጃፍ ብትደርሱ፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈው የዱላ ብዛት ለቅሶ ቤት ያስመስለዋል። የጠላውና የትኩስ ዳቦው ሽታ ግን ለቅሶ አለመሆኑን ይናገራል። ወደ ውስጥ ስትዘልቁ መደቡ ላይ ቄሱ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ። ከፊታቸው በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ዕቃ አለ። ገበያ ቢወጣ ከአንድ ተራ ማሰሮ የበለጠ ዋጋ አያወጣም። ጽዋ የሚባለው እሱ ነው። እሱ ተባርኮ ሳይቀመስ ዳቦ አይቆረስም፣ ጠላ አይቀዳም።

የማርያም ማኅበር ነው። ለስማዳ፣ ለጋይንትና ለእስቴ ሰው ማኅበርን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ። ድግሱን ሁሉም ያውቀዋል። አሠራሩን ልብ ብሎ ያየው ግን ብዙ አይመስለኝም። ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተምና የባንክ ደብተር የሌለው ድርጅት እንዴት ከአባት ወደ ልጅ እየተሻገረ ይኖራል? ሰው አሰባስቦ ማኅበር ያቋቋመ ሁሉ፣ የቁጠባ ይሁን የሙያ ወይም በሰው አገር ያለ የአበሻ ኮሙኒቲ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው የሚገጥመውን ያውቃል። ሊቀ መንበሩ ወይ ደክሞታል ወይ አልወርድም ብሏል፤ አባሉ ስብሰባ መምጣት ትቷል፤ ሥራው ሁሉ በሁለት ሰው ጫንቃ ላይ ወድቋል።

የማኅበሩ ሒሳብ ቀላል ነው። ዓመቱ 12 ወር ነው፣ ሐዋርያትም 12 ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ማኅበር አባሎቹን 12 ያደርጋል። (ጳጉሜን ለማርያም ማኅበር አትቆጠርም፤ 21 የላትማ።) እያንዳንዱ ማኅበርተኛ በዓመት አንድ ጊዜ ይደግሳል፣ 11 ጊዜ ሰው ቤት ይበላል። አባሉ ከዚያ ከበዛ ተራው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ያወጣሉ። በ12 የሚካኤል፣ በ19 የገብርኤል፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔዓለም፣ በ29 የበዓለ ወልድ እየተባለ ወሩ በሙሉ በማኅበር የተሞላ ነው። ሁሉም ውስጥ ልግባ የሚል ሰው ጎተራው አይችለውም፤ ሁለትና ሦስት ያለው ግን ብርቅ አይደለም።

ድግሱ ሲያበቃ ጽዋው ይሻገራል። ተረካቢው ጽዋውን ከነዳቦው ይቀበላል፣ በእልልታ ይሸኛል፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እስከሚቀጥለው ወር ጽዋው የሚያድረው እሱ ቤት ነው። «ጽዋው ማን ቤት ነው?» ብላችሁ የመንደሩን ሕፃን ብትጠይቁ እጁን ዘርግቶ ቤቱን ያሳያችኋል። «የዚህ ወር ኃላፊነት የማን ነው?» ተብሎ እንዲህ ቶሎ መልስ የሚገኝበት ድርጅት ስንት ነው?

ተረኛነት የአንድ ቀን ነገር እንዳይመስላችሁ። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ ብቅሉ ተፈጭቶ ይገባል፤ ድፍድፉ ጊዜውን ጠብቆ ይጠለላል። ከጥንስሱ እስከ ማጥለያው ሁለት ሳምንት ቢሄድ አይገርምም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከቆመው ከጉና ሥር ባለው ደጋ የገብስ ጠላ ነው የሚጠጣው፤ ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርዱ ማሽላው ይገባል። ይህ ሁሉ ሥራ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በወንዶቹ ማኅበር ስሙ የሚጠራው፣ ሲመረቅ አሜን የሚለው ባልዬው ነው። ጋኑን ያጠነችው ሚስት ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ሴቶች የራሳቸው ማኅበር፣ የራሳቸውም ሙሴ አላቸው፤ እዚያ ደጋሿም ተቀማጯም እነሱው ስለሆኑ ሒሳቡ ይስተካከላል። በወንዶቹ ግን እስካሁን አልተስተካከለም።

ሙሴ ያልኩት ከቄሱ ጎን የተቀመጡትን ሽማግሌ ነው። ተራ የሚቆጥሩት፣ የቀረውን የሚጠይቁት፣ ያረፈደውን የሚቀጡት እሳቸው ናቸው። ገንዘብ አይዙም፤ የሚያዝ ገንዘብ የለማ። ስማቸው ከኦሪት የመጣ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ያነበበ ሰው ደግሞ ያኛውም ሙሴ መሪነትን በድካም እንደተማረው ያስታውሳል። ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አየውና ይህ ነገር አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ ገሠጸው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቃ እንዲሾም መከረው። ገበሬው በሌላ መንገድ ነው የፈታው። አለቃ በአለቃ ላይ አልደረደረም፤ ሸክሙን ራሱን በየቤቱ አዞረው። የሙሴው ወንበር ለዓመታት ላይነቃነቅ ይችላል፤ ተራቸው ሲደርስ ግን የእሳቸውም ጎተራ እንደማንም ጎተራ ይጎድላል።

ስዊዘርላንድ የምትመራው ሰባት አባላት ባሉት ምክር ቤት ነው፤ ፕሬዚዳንትነቱ በየዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። እዚያ የሚዞረው ወንበሩ ነው። እዚህ ወንበሩ ይቀመጣል፣ ጽዋው ይዞራል። የትኛው ይሻላል ለሚለኝ፣ ለአገር የመጀመሪያው፣ ለ12 ጎረቤት ሁለተኛው እላለሁ። በየዓመቱ ምርጫ ይደረግ ቢባል ማኅበሩ በሦስተኛው ዓመት በዘር ማንዘር ተቧድኖ ያርፈው ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ የምወደው የጠብን ነው። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። በድንበር፣ በከብት ወይም በመስኖ ውኃ ተራ የተኳረፉ ሁለት ማኅበርተኞች ቀኑ ሲደርስ ሁለቱም ይመጣሉ፤ መቅረት ያስቀጣላ። ሙሴው ያዩዋቸዋል። «ይኼን ነገር ጽዋው ሳይነሣ ጨርሱት» ይላሉ። ሌላው ሰው ርቦታል፣ ዳቦው እየሸተተ ነው፣ ቄሱም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ፍርድ ቤት ስንት ቀጠሮ የሚፈጅበትን ጉዳይ የ10 ሰው ረሀብ በግማሽ ሰዓት ሲጨርሰው ማየት ነው። በዚህ አሠራር የቂም ዕድሜ ቢበዛ ወር ያህል ነው ማለት ነው። ደም የገባበት ነገር ከጽዋ አቅም በላይ ነው፤ ለእሱ ሌላ ሽምግልና አለ።

የተረፈው ዳቦ ወዴት ይሄዳል ቢባል፣ ለነዳያንና ለቆሎ ተማሪው ነው። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያዋ የቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕቷ የዙር አምባ አገር ነውና ተማሪው ብዙ ነው፤ የትኛው ማኅበር በየትኛው ቀን እንደሚወጣም ከሙሴው ባልተናነሰ ያውቃል።

ማኅበር ከግዕዙ «ኀበረ»፣ አንድ ሆነ ከሚለው የወጣ ቃል ነው። በ1967 ግን ሌላ ትርጉም ተጨመረበት። የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬው ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ክልል በማኅበር እንዲደራጅ አዘዘ፤ በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ የገበሬ ማኅበራቱን አጠናከረ። በደቡብ አገር ለጭሰኛው ይህ የቀንበር መውረድ ነበር። ጋይንትና ስማዳ ግን ርስት አገር ነው፤ መሬቱን ከአያት ከቅድመ አያት ቆጥሮ የያዘ ገበሬ ነገሩን የተቀበለው በአንድ ዓይኑ እየሳቀ በሌላው እየተጠራጠረ ነው። ከዓመታት በኋላ ማኅበሩ ግብር የሚሰበስብ፣ የእህል ኮታ የሚጠይቅ፣ ለጦር ሜዳ ልጅ የሚመለምል ሆነ። በየካቲት 1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ፣ በግድ የቆሙት የአምራቾች ማኅበራት ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ፈረሱ፤ በሬውም በየቤቱ ገባ። ቃሉ ግን ቀርቷል፤ ዛሬም አዛውንቱ ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» ነው የሚሉት።

ያ ማኅበር የፈረሰው ገበሬው መተባበር ስለማያውቅ ነው የሚል አለ። እንዲህ ያለው ሰው በ21 ቀን ማታ አንድም ቤት አልገባም። በዚያኛው ማኅበር ሊቀ መንበሩ መንበሩን ይዞ ሸክሙን ለአባሉ ትቶት ነበር፤ በማኅበር የኖረ ሰው ይህን ለመለየት ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም።

እድር ትንሽ ለየት ይላል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ጡሩምባ ነፊም። በብዙ ቦታ ሃይማኖት ስለማይጠይቅ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይቀባበርበታል። ከተማው በብር፣ ገጠሩ በእህል፣ በእንጨትና በጉልበት ያዋጣል። በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከደቡብ ጎንደር ፎገራ አንዷ ነበረች፤ ሳይታመሙ መክፈል የሚለው አሳብ ለብዙ ባለሙያ አዲስ ግኝት ቢመስልም፣ ሳይሞቱ ለቀብር ሲያዋጣ ለኖረ ሰው ያን ያህል እንግዳ አልነበረም።

የአገሩን አመራር በአንድ ዕቃ አሳየኝ የሚለኝ ሰው ካለ ግን የማሳየው ቃሬዛውን ነው። ገደል በበዛበት በስማዳ ምጥ የጠናባት ሴት ወይም በሽተኛ ከመኪና መንገድ የሚደርሱት በቃሬዛ ነው። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌላው ከኋላ ይከተላል። ትከሻው የዛለ «ተቀበለኝ» ይላል፤ ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ሌላው ይገባል። የዚያ ቃሬዛ ሊቀ መንበር ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

እንዲህ ያለ ነገር አይለወጥም ማለት አይደለም። ለውጡ የሚገባው በድግሱ በር ነው። ስማዳም፣ ላይና ታች ጋይንትም በ1997 የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ተጠቃሚ ወረዳዎች ናቸው፤ እህሉ ሳይደርስ ጎተራው የሚያልቅበት አባወራ ብዙ ነው። ተራውን ማውጣት ያቃተው ሰው ያፍራል። ማንም ሳያስወጣው ሐፍረቱ ብቻ ከማኅበሩ ያስወጣዋል፤ አንድ ቀን ይቀራል፣ ሁለተኛ ይቀራል፣ ከዚያ ስሙ አይጠራም። ጥሩ ሙሴ ከደካማው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥሩው ሙሴ ቀኑ ሳይደርስ፣ የማንንም ስም ሳያነሣ፣ «ዘንድሮ ሁላችንም በንፍሮና በዳቦ ነው የምናወጣ» ይላል። ለአንዱ ብቻ ቢፈቅድለት ምጽዋት ይሆንበት ነበር። ለሁሉም ዝቅ ሲያደርገው ሕግ ይሆናል፤ ባለጸጋውም ጠላውን ይቀንሳል።

ሌላው በር የወጣቱ መሄድ ነው። ማኅበርተኛ ሲሞት ልጁ የአባቱን ጽዋ ይቀበላል፤ ጥንትም እንዲህ ነው። አሁን ግን ልጁ ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዷል፣ ወይ ባሕር ዳር ግንበኛ ሆኗል፣ ወይ አዲስ አበባ ገብቷል። በ2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብሩ ከሰውዬው ቀድሞ ይደርሳል። ብሩ ገብሱን ይገዛል፣ ጌሾውን ይገዛል፤ ጎረቤት ሰብስቦ ድግሱንም ያስደግሳል።

እዚያው በ21 ማታ የገባንበት ቤት እንመለስ። ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ሁለተኛ ዙር ሄዷል፣ ቄሱ መርቀዋል። ሙሴው ጽዋውን አንሥተው ተረካቢውን ይጠራሉ። መልስ የለም። ከጓዳ በኩል አንዲት ባልቴት፣ «ልጄ ነው ተረኛው፤ ባሕር ዳር ነው ያለ። ብሩን ትናንት ልኳል» ትላለች።

ሙሴው ትንሽ ዝም ይሉና፣ «ብሩስ ደርሷል፤ ጽዋውን ማን ሊሸከመው ነው፣ እህቴ?» ይላሉ።

ወንዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አጣፍታ በመካከላቸው ታልፍና ሁለት እጇን ትዘረጋለች። ከጓዳ ያሉት ሴቶች እልልታውን የሚጀምሩት ሙሴው ገና ምንም ሳይሉ ነው።