ሮቤ ላይ ጥብቅና መጀመር

በባሌ ደጋ፣ በሮቤ ከተማ፣ ሥራ የሚጀምር የሕግ ምሩቅ ከመሬት ጉዳይ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 ባሌን ያናወጠውን፣ ዋቆ ጉቱ የመሩትን አመፅ ካነሳሱት ምክንያቶች መካከል የመሬት ቅየሳና ግብር ዋነኞቹ ነበሩ። አባት ከአያት ተቀብሎ ሲያርሰው የኖረ መሬት በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) ተለክቶ በሌላ ሰው ስም ሲመዘገብ፣ አራሹ በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ይሆን ነበር። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ለወጣቱ ጠበቃ ሰነድ ለማሳየት ቢያመነቱ ሊያስገርም አይገባም። አመኔታቸውን ለማግኘት ጊዜ ያስፈልጋል።

ከዚያ በፊት ግን ደንበኛው በሕግ ፊት ምን ዓይነት መብት እንዳለው መለየት ይቀድማል። በሲናና ሜዳ ስንዴ የሚያመርት ገበሬ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሊኖረው ይችላል፤ የእሱና የሚስቱ ስም ተጽፎበታል፤ ክርክር ቢነሳ የሚያቀርበው ነገር አለው። በሀረና ጫካ ቡናና ማር የሚሰበስብ ቤተሰብ መብቱ ከደን አስተዳደሩ ጋር በተደረገ ስምምነት ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ከብቱን በየወቅቱ ከመንደሩ ወደ ሰናቴ አምባ ወይም ወደ ጫካው የሚነዳ አርቢ ደግሞ ጎዳንቱ በሚባለው የቆየ ሥርዓት ይኖራል። ለጥቂት ወራት ብቻ የሚደርስበት ግጦሽና ከብቱ የሚጠጣበት ሆራ በማንም ደብተር ላይ አይገኝም።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ሰው አልረሳውም። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝቦች የጋራ ሀብት መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ከብት አርቢዎች ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ችግሩ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጠየቀው ማስረጃ ነው። ደብተር በአባወራ ወይም በቤተሰብ ስም ይሰጣል፤ ጎዳንቱ ግን የብዙ ጎሣ፣ የብዙ ወቅት ነገር ነው። ጠበቃው እዚህ ጋ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ አለበት፦ ማን በየት በኩል ይገባ እንደነበር፣ ሆራው የትኛው እንደሆነ፣ የአባቶች መቃብር የት እንዳለ፣ ከአጎራባች ጋር የተደረገ ዕርቅ ምን ይል እንደነበር ከሽማግሌዎች አፍ መዝግቦ፣ በምስክር አስደግፎ፣ በቀበሌው ማኅተም ማረጋገጥ። ክስ ከመጣ በኋላ ይህን ለመሰብሰብ መሞከር ዘግይቶ መነሳት ነው፤ ያኔ ሽማግሌዎቹ አልፈው ሊሆን ይችላል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጉዳዩን ይበልጥ ያከብደዋል። ፓርኩ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም የተቋቋመ ሲሆን ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ቀይ ቀበሮው መጠበቅ አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥና ዙሪያ ሰው ይኖራል፣ ከብትም ይገባል፤ አንድ ሰው ከብቱ ገብቶ ሲያዝ የሚቀርብበት ክስ የእሥራት ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መክፈል ለማይችልና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ተከላካይ እንዲያቆም ያዛል። ይህን መብት የማያውቅ ተከሳሽ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀም ሳይነገረው ሊያልፍ ይችላል።

ከባሌ ተራሮች በስተምዕራብ በዶዶላ አካባቢ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በፊት የተሞከረው አሠራር ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር መሥርተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ። አንድ ማኅበር ከ30 በላይ አባወራ አይይዝም ነበር፤ ለአንድ አባወራ በአማካይ 12 ሄክታር ደን ይታሰብ ነበር፤ አባላቱ ደኑን ይጠብቁ፣ በምትኩ የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ይጸና ነበር። የጥሩ ጠበቃ ሥራ እንዲህ ያለ ውል ሲረቀቅ መገኘት ነው። ማኅበሩን ማን ይወክላል? ግዴታ ቢጣስ ማን ይወስናል? ድርጅቱ ሲወጣ ውሉ ይቀጥላል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከፊርማ በፊት የሚያነሳ ሰው በኋላ በችሎት ከሚያሸንፍ ሰው ይልቅ ይጠቅማል።

ከመንግሥት ሕግ ጎን ያለው ሁለተኛው ሕግ የሽማግሌው ነው። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መመዝገቡን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ለጠበቃ የበለጠ ክብደት ያለው ግን የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን ያቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 240/2013 ነው። ሽምግልና ከዚያ በፊትም ነበረ፤ አዋጁ ውሳኔው በመደበኛው ፍርድ ቤት ዘንድ ዋጋ እንዲኖረው መንገድ ከፈተ። ጉዳዩ በቀዬ፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ ከጎረቤት ጋር ዕርቅ በሚያወርድ መንገድ ሲያልቅ ለባሌ ገበሬ ጊዜና ገንዘብ ይተርፋል። ጠበቃ እዚያ ዋና ተናጋሪ ሊሆን አይገባም። ደንበኛውን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ውሳኔው ሲሰጥ ደግሞ በግልጽ እንዲጻፍ መርዳት ይበቃዋል።

የሁሉም መሠረት ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የባህልና የሃይማኖት ሕግ በግልና በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠራው ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። በ1996 ዓ.ም የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልስማማም ስትል ቆይታ ጉዳይዋ ያለ ፈቃድዋ ታይቶ የተሰጠውን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሽሮታል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኙ ብዙ ቤተሰቦች ባሉበት በባሌ፣ የውርስና የፍቺ ጉዳይ የምትይዝ ጠበቃ ይህን ውሳኔ በቃሏ ልታውቀው ይገባል። ባልና ወንድም ባሉበት ሸንጎ ፊት «እሺ» ያለች ሴት ፈቅዳ እንደሆነ ብቻዋን ጠይቆ ማረጋገጥ የጠበቃ ግዴታ ነው። የሲንቄ ሥርዓት በኦሮሞ ባህል ሴቶች በደል ሲደርስባቸው በአንድነት የሚቆሙበት ነው፤ እሱንም ማዳመጥ ይገባል።

ሌላ የዕለት ተዕለት ጉዳይ አለ፦ ቋንቋ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ ይሠራሉ። የፌዴራል አዋጆች ግን በነጋሪት ጋዜጣ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ የባሌ ጠበቃ አማርኛውን አንብቦ በአፋን ኦሮሞ ለአንድ እረኛ በሚገባው መንገድ መንገር መቻል አለበት። ይህን የቻለ ምሩቅ ሮቤ ላይ ሥራ አያጣም።

ገንዘብ የሌለው ደንበኛም መንገድ አለው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በደሃ ደንብ ዳኝነት ሳይከፈል ክስ ለመመሥረት ይፈቅዳል፤ የቀበሌ ማስረጃ ይዞ መጠየቅ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። አምስት ዓመት ተምሮ የመውጫ ፈተና ያለፈ ወጣት ፈቃድ እስኪያገኝ በሚሠራባቸው ዓመታት በእንዲህ ያለ ቦታ ቢያገለግል፣ ከመማሪያ ደብተር ያላገኘውን ያገኛል። ደመወዙ ትንሽ ነው። እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ለጋራ መሬት የሚከራከር ሰው ከባንክ ጠበቃ እኩል አይከፈለውም።

ለጋራ መሬት ክርክር ምሳሌ የምትሆነው ኬንያ ከዚህ ሩቅ አይደለችም። የኦጊክ ሕዝብ ከማው ጫካ መፈናቀሉን ተቃውሞ ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤት ያለው በ2009 እ.ኤ.አ. ነበር፤ የአፍሪካ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ፈረደለት፣ የካሳውን ውሳኔ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ሰጠ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ቻርተር ስላጸደቀች ኮሚሽኑ ለእኛም ክፍት ነው፤ በመጀመሪያ ግን የአገር ውስጥ መንገድ መጠናቀቅ አለበት። ዐሥራ ሦስት ዓመት የፈጀ ክርክር የሚያሳየው በወረዳ ደረጃ የሚያዝ ጥሩ መዝገብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ነው።

ጊዜ የሚቆጠርባችሁ አንባቢዎች፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም እንዲለቀቅ ትእዛዝ ከደረሳችሁ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ለማቅረብ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የውርስ ይገባኛል ክስ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ በ3 ዓመት ይርጋ ሊታገድ ይችላል። ወረቀቱን በደረሳችሁ ዕለት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳታነቡትና ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ።