የገመድ ማሽን እጀታ አመራረጥ

የስፖርት ክበባችን ለገመድ ማሽኑ እጀታ ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰበ መሆኑ ይታወቃል። በየማደሪያው የሚሰማው አሳብ ግን «ረጅሙን ዘንግ እንግዛ» የሚል ብቻ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትን ምክንያት ለማስረዳት፣ እጀታ ምን ሥራ እንደሚሠራና እንዴት እንደሚመረጥ ለመግለጽ እሞክራለሁ። ነገሩ የጂም ወሬ ብቻ አይደለም። ነገ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ተመድበን ሰውነት ማጎልመሻ ስናስተምር ማሽን ባናገኝ እንኳ ገመድና እንጨት አናጣም።

በመጀመሪያ ማሽኑን እንመልከት። የገመድ ማሽን ማለት ክብደት፣ በከራ (በተለምዶ ፑሊ የምንለው) እና የሽቦ ገመድ ማለት ነው። አንድ ቦታ የተተከለ በከራ የኃይሉን አቅጣጫ ይለውጣል እንጂ ሸክሙን አያቀልም፤ 20 ኪሎ ለማንሳት 20 ኪሎ ያህል መሳብ ግድ ነው። ከሸክሙ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ በከራ ሲጨመር ግን ሸክሙ በግማሽ ይቀላል፤ በምትኩ እጃችን እጥፍ ርቀት ይጓዛል። ስለዚህ አንዱ ማሽን ላይ 20 የከበደው ሰው ሌላው ላይ 40 ቢስብ ጉልበቱ በአንድ ቀን አልጨመረም፤ በከራው ነው የረዳው።

ታዲያ እጀታው ምኑ ላይ ገባ? እጀታው የሚወስነው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም የእጅ አንጓ እንደ ልቡ መዞር መቻሉንና ሁለቱ እጆች አንድ ላይ መጠመድ አለመጠመዳቸውን።

ሁለተኛውን የገበሬ ልጅ ወዲያው ይረዳዋል። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ብርቱው የደካማውን ጉድለት ይሸፍናል፤ እርሻው ይታረሳል፣ ደካማው ግን ደካማ እንደሆነ ይቀራል። ቀጥ ያለ ዘንግም ለእጅ ቀንበር ነው። ቀኙ የበረታ ሰው ዘንጉን ሲስብ ግራው እየተከተለ ያመልጣል፤ ከውጭ ለሚያየው ሁለቱም እኩል የሠሩ ይመስላል። ነጠላ እጀታ ቀንበሩን ይፈታል። ግራው 8 ጊዜ ስቦ ከደከመው ቀኙም 8 ላይ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸክም በአንድ ወገን የለመዱ ተማሪዎችን ለምናስተምር ሰዎች ይኸ ቀላል ነገር አይደለም።

የአንጓውን ነገር ደግሞ እዚሁ ግድግዳው ፊት ቆማችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን ወደ ፊት አድርጉና፣ የሆነ ነገር እንደሚስብ ሰው ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አምጡት። መዳፋችሁ ሳታዙት ወደ ውስጥ መዞር ይፈልጋል። ምክንያቱም ከክርን በታች ያሉት ሁለት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ እየተሽከረከረ መዳፍን እንዲያዞር ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቀጥ ያለ ዘንግ ይኸን መዞር ይከለክላል፤ ያልዞረው ጫና ደግሞ አንጓና ክርን ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው አንጓውን ሲያመው «ክብደቱ በዛብኝ» ይላል እንጂ እጀታውን አይጠረጥርም።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንምጣ። ነጠላው እጀታ የፈረስ እርካብ ይመስላል። መሳብ፣ መግፋት፣ ከወገብ መዞር፣ ሁሉም በእሱ ይሠራል፤ ጥንድ ሆኖ ሲገዛ ደግሞ የዘንጉን ሥራ አብዛኛውን ይሸፍናል። የገመድ እጀታ ሁለት ጫፉ የተቋጠረ ወፍራም ገመድ ነው። መዳፎች እርስ በርስ እንደተያዩ ይይዙታል፤ መጨረሻ ላይ ጫፎቹን ወደ ጎን መለየት ስለሚቻል የላይኛውን ክንድ የኋላ ጡንቻ ለማሠራት የሚመች ነው። (በገመድ መጎተት ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ጋፋት ላይ የተሠራው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል አልፎ መቅደላ የደረሰው ሰው በገመድ እየጎተተው ነው።) የቁርጭምጭሚት ማሠሪያ ለእግርና ለዳሌ ሲሆን፣ ብዙ ጂም ውስጥ ማንም የማይነካው ዕቃ ነው፤ ያሳዝናል። ረጅሙ ዘንግ ከላይ ወደ ታች ለመሳብ ይጠቅማል፤ ሲሳብ ወደ ደረት እንጂ ወደ ማጅራት ባይሆን ለትከሻ ይሻላል።

ሲገዛ ውፍረቱም ይታይ። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እጀታ ለብዙ ሰው ይስማማል። ከዚያ ሲወፍር፣ በተለይ እጃቸው ትንሽ ለሆነ ጓደኞቻችን፣ ጀርባ ሳይደክም ጣት ይደክማል። የሚያብረቀርቅ ልሙጥ ብረት ደግሞ ላብ ሲነካው ያዳልጣል፤ ጎርበጥ ያለው ይመረጣል።

ገንዘብ በሌለበት ትምህርት ቤትስ? ነጠላ እጀታ ከወይራ እንጨት ይሠራል። አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል ርዝመት ያለው እንጨት ተልጎ ከለሰለሰ በኋላ መሐሉ ለመሐሉ ከዳር እስከ ዳር ይበሳና ገመድ ይገባበታል፤ የገመዱ ሁለት ጫፍ ከላይ ሲታሰር እርካብ ሆነ ማለት ነው። ያረጀ የብስክሌት ካላማዳሪ ቢጠቀለልበት አያዳልጥም። ለክብደቱ ጀሪካን ይበቃል፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ ለልጆቹ እንደ አቅማቸው መለካት ይቻላል፤ የሒሳብ ትምህርትም አብሮ ይገኝበታል። በከራው ግን በደንብ ከቆመ ጠንካራ አግዳሚ ላይ ይታሰር፤ ጀሪካኑም ከጉልበት ከፍታ በላይ አይውጣ፤ ከሥሩም ማንም አይቁም።

ስለዚህ ለክበቡ ያለኝ አሳብ ይኸ ነው፤ በመጀመሪያ ጥንድ ነጠላ እጀታ፣ ከተረፈ የገመድ እጀታና የቁርጭምጭሚት ማሠሪያ፣ ረጅሙ ዘንግ በመጨረሻ። ከሁሉም ጋር እጀታውን ከሽቦው የሚያገናኘው መንጠቆ አይዘንጋ። ለቁልፍ መያዣ የሚሸጠው ቀጭን መንጠቆ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ይፈለግ። የገመድ ማሽን አደጋ አንዱ መነሻ እዚያው ነው፤ መንጠቆው ሲከፈት እጀታው ወደ ሳቢው ፊት ይመጣል። ከመሳባችሁ በፊት መንጠቆው መዘጋቱን፣ ብየዳው አለመሰንጠቁንና የሽቦው ክሮች አለመበጠሳቸውን በዓይናችሁ እዩ፤ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ ሽቦው እስኪለወጥ ማሽኑ ይቁም።