ሸራና ካሜራ በመጽሐፍ፦ የዛሬውን የኢትዮጵያ ሥዕልና ፎቶግራፍ ከየት እንጀምር?

የዛሬውን የኢትዮጵያ ሥዕልና ፎቶግራፍ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ሥራው ሞልቷል፤ የሚያስቸግረው መበተኑ ነው። አንዱ ኒው ዮርክ ሙዚየም ውስጥ፣ ሌላው ለንደን ጋለሪ ውስጥ፣ ሌላው አዲስ አበባ ሠዓሊው ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያለው። ይህን ሰብስቦ እጃችን ላይ የሚያስቀምጥልን መጽሐፍ ነውና፣ በዚህ ዳሰሳ ሥራዎቹን የማነሳው በተቻለ መጠን ከመጻሕፍቱ ጋር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፎቶግራፍ እንነሳ፤ ከሁሉም የተዘነጋው እሱ ነውና። በ1867 መገባደጃ የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገደኞች፣ ዲፕሎማቶችና የቤተ መንግሥቱ አርመናዊ ፎቶ አንሺዎች፣ በተለይ የቦያጂያን ቤተሰብ፣ አገሪቱን በካሜራ መዝግበዋል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር በ1996 ያሳተሙት ዳጎስ ያለ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ውድ ሰነድ ነው። ሆኖም ገጾቹን ስንገልጥ የምናየው በአብዛኛው መኳንንትንና ጦርን፣ ያውም በእንግዳ ዓይን ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ነው። ፊሊፕ ሹትስ፣ ወንጌል አበበና ናፍቆት ገበየሁ ከየቤተሰቡ አልበም የድሮ ፎቶዎችን እየለመኑ፣ እየቃኙና ታሪካቸውን እየጠየቁ ያዘጋጁት መጽሐፍ ነው። እዚህ ውስጥ ፎቶ የሚነሳው ሰው ራሱ አለባበሱንና አቋቋሙን መርጧል። ሙሽሮች፣ ተማሪዎች፣ አዲስ ቀሚስ የለበሱ ወጣት ሴቶች አሉ፤ ካሜራውን የሚያዩት እንደ ወዳጅ ነው። በእኔ እምነት ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ይነግረናል። አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ አልበማቸውን አውርደን በየፎቶው ጀርባ ስም፣ ቦታና ዓመት በእርሳስ ብንጽፍ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ጥሬ ዕቃ አዘጋጀን ማለት ነው።

ሚካኤል ፀጋዬ በዚሁ ሐሳብ ላይ ይበልጥ ጠልቆ የሄደ ፎቶ አንሺ ነው። ሥዕል ተምሮ ከተመረቀ በኋላ የዘይት ቀለም አለርጂ ስላደረበት ወደ ካሜራ ዞረ። «የነፍስ ገደሎች» በሚል ርዕስ የሠራቸው ፎቶዎች የመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ምስሎች ያሳያሉ። ጠጋ ብላችሁ እዩአቸው። ፀሐይና ዝናብ የአንዱን ፊት አጥቦ ወስዶ የኮቱን ክፈፍ ብቻ አስቀርቷል፤ በሌላው ላይ እርጥበት ገብቶ ቀለሙ ተላልጧል፤ ዓይኖቹ ግን አሁንም አሉ። ሰውየው አንዴ ሞተ፣ ምስሉ ደግሞ ሁለተኛ እየሞተ ነው። የፈረሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን የተከታተለበት ሥራውም ከዚህ ጋር መታየት አለበት።

አይዳ ሙሉነህ በሌላ አቅጣጫ ነው የሄደችው። በ1974 ኢትዮጵያ ተወልዳ በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ ያደገችው አይዳ ፎቶዋን አስቀድማ ታቅደዋለች። የሞዴሏ ፊት በነጭ ወይም በሰማያዊ ይቀባል፣ ልብሱ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ከኋላ ያለው መድረክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጠፍጣፋ ነው። አያቷ ትላት የነበረውን «ዓለም ዘጠኝ» የሚለውን አባባል ለአንዱ ሥራዋ ርዕስ አድርጋዋለች። በ2018 ስለ ውሃ እጦት 12 ፎቶዎችን የሠራችው በአፋር፣ ዳሎል ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባለውለታችን የሚያደርጋት በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ነው፤ የዓለምን ፎቶ አንሺዎች አዲስ አበባ ድረስ አምጥቷልና።

ግርማ በርታ መንገድ ላይ በስልክ ካሜራ ያነሳቸውን ሰዎች ከነጥላቸው ነጥሎ አንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል። ሙሉጌታ አየነ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ የሐዘንተኞችን ለቅሶ ያነሳባቸው ፎቶዎች በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ሽልማት አግኝተዋል። የመዓዛ መንግሥቴ ልብ ወለድ «ዘ ሻዶው ኪንግ»ም ከዚህ መደርደሪያ አይጠፋም፤ ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ያነሷቸው ፎቶዎች የታሪኩ እምብርት ናቸውና።

ወደ ሥዕል ስንመጣ መነሻው በ1957 በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ጀርመን ተምሮ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታና ከፓሪስ የመጣው እስክንድር ቦጎሲያን እዚያ አስተምረዋል። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበር፤ በ1981 በስደት አሜሪካ ቢሞትም ሥዕሎቹ ከጀርመን ተመልሰው በ2008 ስድስት ኪሎ በስሙ የተከፈተው ማዕከል ገብተዋል። እነዚህንና ተከታዮቻቸውን ለመረዳት ከኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ የ2019 መጽሐፍ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ስለ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ጥበብ የተጻፈው ይህ መጽሐፍ ሥዕሉን ከፖለቲካውና ከሐሳብ ታሪኩ ጋር አጋምዶ ያነባል። ይከብዳል፤ ግን ልፋቱን ይክሳል።

በሕይወት ካሉት ታደሰ መስፍንን አስቀድማለሁ። የጉልት ነጋዴ ሴቶችን እንደ ዓምድ አቁሞ ይሥላል፤ አጎንብሰን የምንገዛቸውን ሴቶች ቀና ብለን እንድናይ ያደርገናል። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የሚገዛውን የኮምፒውተር ሽቦና ሰርኪዩት እየጎነጎነ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ የሚመስል ግዙፍ ሥራ ይሠራል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2019 ሲከፈት ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነበር። የታደሰ ተማሪ የነበረው ተስፋዬ ኡርጌሳ ደግሞ በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ የመጀመሪያውን ብሔራዊ ድንኳኗን ስትከፍት ሥራውን ብቻውን አቅርቧል። ሠዓሊዋን ጁሊ ምህረቱን ዓለም ስለሚያውቃት እዚህ አላስረዝምም።

በሥዕል የተዋበ መጽሐፍ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአባ ገሪማ ወንጌል በዓለም ላይ ካሉት ጥንታውያን ባለ ሥዕል የክርስቲያን መጻሕፍት አንዱ ነው። ዛሬ ይህን መስመር የሚቀጥሉት የልጆች መጻሕፍትና ኮሚክ ናቸው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በቀለም ሥዕል፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። በ2018 የጀመረው የብስራት ደበበ «ጀምበር» ልዕለ ኃያል ጀግናውን አዲስ አበባ ላይ ያቆመ ኮሚክ ነው፤ በአማርኛም ይገኛል። ለወጣት አንባቢ ከዚህ የተሻለ በር የለም።

የሚያሳዝነው አንድ ነገር አለ። ከላይ ስለ ሥዕልና ስለ ፎቶ ታሪክ የጠቀስኳቸው ትላልቅ መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የታደሰን የጉልት ሴቶች የሚያውቀው አንባቢ የሚያነበው በአማርኛ ነው። አሳታሚዎቻችን ከእነዚህ መካከል አንዱን እንኳ መርጠው፣ ጥራት ባለው ወረቀትና በሚቀመስ ዋጋ ወደ አማርኛ ቢመልሱልን ትልቅ ውለታ ይሆናል። ከኤልሳቤጥ መጽሐፍ ይጀምሩ።