ጆሮ ሲደፈንና ሲጮህ ምን እናድርግ?

በአቧራና በጉንፋን ወቅት «ጆሮዬ ተደፈነ»፣ «ሌሊት ጆሮዬ እየጮኸ እንቅልፍ ነሣኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቻችንም መፍትሔ መስሎን የክብሪት እንጨት እንከታለን ወይም የሞቀ ዘይት እናፈስሳለን። ይህ ታምቡርን ሊበሳ ወይም ሊያቃጥል ይችላል። ችግሩም ብዙ ጊዜ ያለው ከታምቡሩ በስተጀርባ ስለሆነ እንጨቱም ሆነ ዘይቱ አይደርስበትም። ስለዚህ በዚህ እትማችን ምክንያቱንና ያለ መድኃኒት ሊደረግ የሚችለውን እንገልጻለን።

የችግሩ ምክንያት

ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ። ይህን ክፍል ከአፍንጫ የኋላ ክፍል ጋር የሚያገናኘው ጠባብ ቱቦ በአዋቂ ሰው 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖረው ጣሊያናዊ ሐኪም በኤውስታኪ ስም ኢዩስታኪያን ቱቦ ይባላል። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ስንውጥና ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻዎች ለቅጽበት ይከፍቱታል፤ አየርም ገብቶ በታምቡሩ ግራና ቀኝ ያለውን ግፊት ያስተካክላል። ጉንፋን፣ አለርጂ፣ ወይም የሲጋራ ጢስ ውስጡን ሲያሳብጠው ግን ቱቦው በደንብ አይከፈትም። ያን ጊዜ ጆሮ ይደፈናል፣ ስንውጥ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አንዳንዴም ይጮሃል።

እንቅስቃሴዎቹ

የሚከተሉትን በቀን ጥቂት ጊዜ መሞከር ይቻላል፦

1. ውሃ በትንሽ በትንሹ ፉት እያሉ መዋጥ፤ ማስቲካ ማኘክ።
2. አፍን በሰፊው ከፍቶ ማዛጋት፤ የታችኛውን መንጋጋ ቀስ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ጎን ማንቀሳቀስ።
3. አፍንጫን በጣት ይዞ ምራቅ ወይም ውሃ መዋጥ።
4. አፍንጫን ይዞና አፍን ዘግቶ አየርን በቀስታ ወደ አፍንጫ መግፋት፤ ከዚያም መዋጥ። ይህን ዘዴ ሐኪሙ ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 በመጽሐፉ ገልጾታል። በኃይል መግፋት ግን ጆሮን ይጎዳል። አፍንጫ በንፍጥ ሲሞላ፣ ጆሮ ሲያም ወይም መግል ሲኖረው፣ የልብ ሕመም ላለበት ወይም በቅርቡ የዓይንም ሆነ የጆሮ ኦፕራሲዮን ለተደረገለት ሰው አይመከርም።

በአውሮፕላን የሚጓዙም አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር እንቅልፍ ባይተኙና ደጋግመው ቢውጡ ይጠቅማቸዋል።

ስለ ጩኸቱ

የጆሮ ጩኸት ሁሉ ከቱቦው አይመጣም። በተኩስ፣ በፈንጂ ወይም በጄኔሬተር ድምፅ የተጎዱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉም። ይህ እንቅስቃሴም አያድናቸውም። ይህን የምንለው ከጦርነት የመጣ ወገናችን «ፈጽሞ አጠፋልሃለሁ» ለሚል ሰው ያለችውን ገንዘብ እንዳይከፍል ነው። ሆኖም ጩኸቱን መልመድና ማቅለል ይቻላል። ጸጥታና ጭንቀት ጎልቶ እንዲሰማ ስለሚያደርጉት ሌሊት ሬዲዮ በዝቅተኛ ድምፅ መክፈትና በዝግታ መተንፈስ ይረዳል። መንጋጋ ሲነክሱ ወይም አንገት ሲያዞሩ ጩኸቱ የሚለወጥ ከሆነ፣ የመንጋጋና የአንገት ጡንቻን በቀስታ ማሳሳብ ሊያቀለው ይችላል። ብዙ አስፕሪን፣ ለወባ የሚሰጥ ኩዊኒንና የጄንታማይሲን መርፌም ጆሮን ሊያስጮኹ ይችላሉ። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት ለጤና ባለሙያ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ከዘገየ መስማት ላይመለስ ይችላል። መግል ወይም ደም፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ማዞር፣ የፊት መጣመም፣ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ ጩኸት፣ እንዲሁም ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአንድ ጆሮ ድፍንነት ወይም ጩኸት በባለሙያ መታየት አለበት።

ጎረቤትዎ ጆሮው ሲደፈን ክብሪት ሲያነሣ ካዩ፣ በቅድሚያ ውሃ ያቀብሉት፤ ይህንንም ጽሑፍ ያንብቡለት።

ጤና ለሁላችን!