ጎመንና ፓፓያ

ጎመንን የማያውቅ የመንዝ ሰው የለም። ፓፓያን ግን ብዙ የደጋ ሰው የሚያውቀው በገበያ ወይም በወሬ ነው። ጎመን የጓሮ አትክልት ነው። ፓፓያ የሞቃት አገር ዛፍ ነው። ታዲያ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? የምናወዳድራቸው ስለ ልጆቻችን ዓይን ስንል ነው።

ዳፍንት የሚባለውን በሽታ እናውቃለን። ልጁ ቀን ሲሮጥ ይውላል። ሲመሽ ግን ይደናበራል፤ ድንጋዩም ዱካውም ያደናቅፈዋል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቪታሚን ኤ የሚባለው ነገር ከምግብ ሲጎድል ነው። ሳይታከም ከቆየ ዓይንን ጨርሶ ሊያጠፋ ይችላል። ቪታሚን ኤ የጎደለው ልጅ ኩፍኝንና ተቅማጥንም የመቋቋም አቅሙ ይደክማል።

ገብስና ባቄላ ሆድ ይሞላሉ፤ ጉልበትም ይሰጣሉ። ቪታሚን ኤን ግን በበቂ አይሰጡም። አረንጓዴ የጎመን ቅጠልና የበሰለ ፓፓያ ግን ሰውነታችን ቪታሚን ኤ የሚሠራበትን ነገር በውስጣቸው ይዘዋል። ስለዚህ ሥራቸው አንድ ነው። ጠባያቸውና እንክብካቤያቸው ግን ለየብቻ ነው።

አገራቸው

የእኛ አገር ዳገትና ቁልቁለቱ የበዛ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ጓሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማ ወይም ወደ ወንጭት ወንዝ ስንወርድ ግን አየሩ ይለወጣል፤ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል። 1,000 ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል።

የሐበሻ ጎመን የትውልድ አገሩ ይኸው የእኛው ደጋ ነው። ብርድ ለምዷል። ቀላል ውርጭ ቢያገኘውም ይችለዋል። ዘሩ ምጣድ ለማሰስ እንደሚያገለግል እናቶቻችን ያውቃሉ። ሌላው ዓለም ደግሞ ዘሩን ለዘይት ይፈልገዋል። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በካናዳ አንድ አውሮፕላን ከዚሁ ከጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በርሯል።

ፓፓያ የመጣው ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ሙቀትና ፀሐይ ይወዳል። ውርጭ ጠላቱ ነው። የደጋ ገበሬ ከገበያ የገዛውን ፓፓያ ዘር በጓሮው ቢዘራ ሊበቅልለት ይችላል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ግን ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ችግኙም ይሞታል። ውርጭ በሌለበት ወይና ደጋ ቢተርፍ እንኳ ብርድ ከበዛበት ፍሬው ቶሎ አይበስልም፤ አይጣፍጥምም።

የጎመን እንክብካቤ

የጎመን ዘር ደቃቅ ነው። በለሰለሰ መደብ ላይ ስስ አድርገን እንዘራዋለን። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆነውና ስንዝር ሲያህል ነቅለን፣ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ስንዝር ርቀት ሰጥተን እንተክለዋለን። የምንተክለው ወደ ማታ ወይም ደመና በሆነ ቀን ነው። የበሰበሰ ፍግ ይወዳል። እርጥብ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥለዋል።

ጎመን በየጊዜው መታረምና መኮትኮት ይፈልጋል። በበጋ የወጥ ቤት እጣቢ ለጥቂት ሥር ጎመን ይበቃል። ሳሙና የበዛበት እጣቢ ግን አይሆንም። ክሽክሽ ሲይዘው ቅጠሉ ይጨማደዳል። ያን ጊዜ የተያዘውን ቅጠል ቀንጥበን ከጓሮ እናርቃለን፤ በቀረው ላይ ጠዋት አመድ እንነሰንሳለን። ይህን በክሽክሹ መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነው እንጂ፣ ከተስፋፋ በኋላ አመድ ብቻውን አያድነውም።

ስንቀነጥብ ከታች ከታች እንጀምራለን። እምቡጡን ካልነካነው ጎመኑ ደጋግሞ ይሰጠናል። ሁለት ሦስቱን ጥሩ ጥሩ ሥር ግን አንቀነጥባቸውም። ለዘር ይቆያሉ።

የፓፓያ እንክብካቤ

የፓፓያን ዘር ከበሰለ ፍሬ አውጥተን፣ የሸፈነውን የሚያሙለጨልጭ ነገር በውኃ አሽተን እናስወግዳለን። ከዚያ በጥላ እናደርቀዋለን። ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ሞልተን እንዘራዋለን። በሁለት ወር ግድም ለመተከል ይደርሳል። ጉድጓዱ አንድ ክንድ ይጠልቃል፤ በአፈርና በበሰበሰ ፍግ ይሞላል። ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ሌላው ከ2 እስከ 2 ሜትር ተኩል ይሁን።

ፓፓያ ውኃ ይፈልጋል፤ የቆመ ውኃ ግን ይገድለዋል። ሁለት ቀን ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ መትከል ድካም ብቻ ነው። ተዳፋትና ውኃ የሚያሳልፍ መሬት ይስማማዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለው፤ ወንድና ሴት አለው። ዘሩን አይቶ ወንዱን ከሴቱ መለየት አይቻልም። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ እንተክልና አበባ እስኪያወጣ እንጠብቃለን። ወንዱ ትናንሽ አበቦቹን በረጅም ዘንግ ላይ ያንጠለጥላል። የሴቷ አበባ ትልቅ ነው፤ ግንዱን ተጠግቶ ይወጣል። አንዳንዱ ዛፍ ደግሞ ወንድነትና ሴትነት በአንድ አበባ ያለው ነው፤ እሱም ያፈራል። ሴቶቹን እናስቀራለን። ለአሥር ሴት አንድ ወንድ ይበቃል፤ ጨርሰን ካጠፋነው ግን ሴቶቹ በደንብ አያፈሩም።

ጠባያቸው

ጎመን በተተከለ በሁለት ወር ግድም ከድስት ይደርሳል። ፓፓያ ፍሬ ለመስጠት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት አራት ዓመት ደህና አድርጎ ያፈራል። ዛፍ ብንለውም እንጨቱ የለም። ግንዱ ለስላሳ ነው፤ መሐሉም ባዶ ነው። ማገዶም ማገርም አይሆንም።

ፓፓያ ሲበስል እንዲሁ ይበላል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃንም ተፈጭቶ ወይም ተልሞ ቢሰጠው ይወደዋል። ጎመን ግን መቀቀል አለበት። ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ሊገባበትም ይገባል፤ ሰውነታችን ያንን ለዓይን የሚጠቅም ነገር በደንብ የሚወስደው ከቅባት ጋር ነው። በጾም የኑግ ዘይት ይበቃል። ለሕፃን ሲሆን ጎመኑ በደቃቁ ተከትፎ ከገንፎው ጋር ይደባለቃል።

የቱን እንትከል?

ደገኛው ፓፓያ ባይኖረኝ ልጄ ተጎዳ ብሎ አይዘን። ለልጁ ዓይን የሚያስፈልገው በጓሮው አለ። ቆለኛው ውኃ ካለው ፓፓያ ይትከል፤ ጎመኑንም ሙቀቱ በቀነሰበት ወራት ይዝራ።

እኛን ግን ከውርጭ ይልቅ የጎዳን አንድ አመል አለ። ጎመን የድሃ ምግብ ነው እንላለን። እንግዳ ሲመጣ ጎመኑን ደብቀን ሌላ እናቀርባለን። ልጆቻችንም ይህን አይተው ጎመን ይንቃሉ። «ጎመን በጤና» የሚለውን ተረት የምንናገረው ለመጽናናት ነው፤ ሥጋ ባናገኝም ጤና ይሁን ለማለት። ጎመኑ ራሱ ጤና መሆኑን ግን እንረሳለን።

ልጅ ዳፍንት ከያዘው ጎመን እስኪደርስ አይጠበቅም። ያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠውንም የቪታሚን ኤ ጠብታ አናሳልፍ።

እንወያይ

1. በእኛ ቀበሌ ማታ ማታ የሚደናበር ልጅ አለን? ምን አደረግንለት?
2. ጓሮአችን ደጋ ነው ወይስ ቆላ? ውኃ ይተኛበታል ወይስ ያሳልፋል?
3. ጎመን ለእንግዳ ማቅረብ የሚያሳፍረን ለምንድን ነው?