ቁም ጸሐፊውና መጽሐፈ ሄኖክ

ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የጠቀሰው፣ ከቀደሙት መምህራንም ተርቱልያኖስ አጥብቆ የተሟገተለት፣ በኋላ ግን አውግስጢኖስ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ውጭ ያደረገው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በጽርዕ የሚገለብጠው ሰው እየታጣ ሄዶ በአውሮፓ ስሙና ጥቂት ጥቅሱ ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት የግእዝ ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ይዞ ሲመለስ 108ቱ ምዕራፎች በምሉእነታቸው ታዩ።

መጽሐፉ በምን ተረፈ ቢባል ብዙ ሰው የሚያነሣው የገዳማቱን ርቀትና የተራራውን አቀበት ነው። ምስጋናው ይልቁን ለቁም ጸሐፊው የሚገባ ይመስለኛል። መጽሐፉ ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቁት እጅግ ያረጁት ቅጂዎች በ15ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፉ ናቸውና፣ በመካከል ያለውን ወደ ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዘመን ያሻገረው፣ አሮጌው ሳይበሰብስ አዲሱን ጽፎ ለተከታዩ የሚያስረክብ እጅ ነው።

ይህ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው በውሃ ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ በአራት ዕንጨት መካከል በጠፍር ተወጥሮ፣ ሥጋውና ስቡ በስለት ተፍቆ፣ ጠጕሩም ተላጭቶ፣ በሻካራ ድንጋይ እየታሸ ነጭና ልስልስ ብራና ይሆናል፤ በልክ ተቈርጦ ከታጠፈም በኋላ ጠርዙ በወስፌ እየተበሳ፣ ከአንዱ ብስ እስከ ሌላው ያለ ቀለም መሥመር ይሰመርበታል። ጸሐፊው ከጥላሸትና ከታረረ እህል ያዘጋጀውን ጥቍር ቀለም በቀንድ ሞልቶ፣ ቀንዱን ከመሬት ተክሎ፣ ጥራዙን በጕልበቱ ላይ አኑሮ በመቃ ብዕር ፊደል በፊደል ይጽፋል፤ የአምላክ ወይም የእመቤታችን ስም ሲደርስ ብዕሩን ለውጦ በቀይ ይጽፋል። ሥራው ትዕግሥት ብቻ አይበቃውም፤ ዐይኑ ከአንድ ቃል ተነሥቶ ዝቅ ብሎ በተደገመው በዚያው ቃል ላይ ቢያርፍ፣ በመካከል ያለው ንባብ ወድቆ ይቀራል፤ ከዚያ ቅጂ የሚገለብጥም ሁሉ ጕድለቱን ይወርሳል። ስሕተቱን ያየ እንደ ሆነ ግን ብራናውን በቢላዋ ፍቆ ያርመዋል።

የእነዚህ እጆች ታማኝነት የታየው ከጊዜ በኋላ ነው። በግብፅ አክሚም ከመቃብር የወጣ የጽርዕ ቅጂ የመጀመሪያዎቹን 32 ምዕራፎች ይዞ ተገኝቶ፣ ከግእዙ ጋር ሲመሳከር በአመዛኙ ተስማማ፤ እ.ኤ.አ. ከ1947 በኋላም በሙት ባሕር ዳር በቁምራን ዋሻዎች የአራማይስጥ ቍርጥራጮች ወጥተው፣ መጽሐፉ ከጌታ ልደት በፊት ይነበብ እንደ ነበር አስረዱ። ስለ ሰው ልጅ የሚናገሩት ከ37 እስከ 71 ያሉት ምዕራፎች ግን ከቁምራን ብራናዎች መካከል አልተገኙም፤ እነዚያን 35 ምዕራፎች ዛሬም የምናነበው፣ አብዛኞቹ ስማቸው ከማይታወቅ፣ ቀንዳቸውን ከመሬት ተክለው ከጻፉት ከግእዝ ጸሐፊዎች ቅጂ ብቻ ነው።